ለጎማ መንፊያ ግዢ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ግፊት ብቻ አይበቃም

የማኅበሩ ትራክተር ተሳቢውን በእህል ሞልቶ ወደ ገበያ ሲወጣ ከጎማዎቹ አንዱ ቢተነፍስ፣ ጎሚስታ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከተማ ነው። ዝናብ ከመጣ የአባላቱ እህል መንገድ ላይ ይረጥባል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር እንዲገዛ የሚያሳስቡ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ትክክል ናቸው። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው።

ነጋዴው አስቀድሞ የሚያሳየው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን 150 ፒኤስአይ ነው። የትራክተር የኋላ ጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 25 ፒኤስአይ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ሆደ ሰፊ በመሆኑ ብዙ መቶ ሊትር አየር ይውጣል። በደቂቃ 30 ሊትር የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ባዶውን ጎማ ለመሙላት ከሩብ ሰዓት በላይ ያቃስታል፤ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ግለው ማረፍ ይኖርባቸዋል። ወደ 100 ፒኤስአይ ለሚፈልገው የጭነት መኪና ጎማ ግን ግፊቱም ይቆጠራል። እንግዲህ መሣሪያው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥና ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ይጠየቅ። ከነጋዴው መልስ ይልቅ በሱቁ ደጃፍ በማኅበሩ ጎማ ቢሞከር ይሻላል።

ጠንካራ መሣሪያ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ በሲጋራ መለኮሻው በኩል ቢሰካ ፊውዝ ያቃጥላል። በመቆንጠጫ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያያዘው ይመረጥ፤ ባትሪው ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልት መሆኑም አስቀድሞ ይታይ። ሲነፋ ሞተሩ አይጥፋ፤ አለዚያ ጎማው ተሞልቶ ትራክተሩ አልነሣም ይላል። የተበሳ ጎማ በአየር ብቻ ስለማይድን መለጠፊያውም አብሮ ይገዛ።