አፈሩ ሳይሄድ ቀበሌ ሂዱ

አባቶች፣ እናቶች! ክረምት ሲገባ ከጭርጭር ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ታውቁታላችሁ። ለምን ደፈረሰ? የማሳችሁን አፈር ይዞ ስለሚሄድ ነዋ! የሄደ አፈር አይመለስም። አፈሩ ሲሳሳ ማሽላው ይቀጭጫል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ፈልጉ። እርከን በግምት አይሠራም፤ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ በውሃ ልክ ተለክቶ ነው። ጠርዙ ላይ የዝሆን ሣር ትከሉ። ሥሩ አፈር ይይዛል፤ ቅጠሉ ሰንጋ ያደልባል።

ሁለተኛ፣ በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሴፍቲኔት የሚባል ፕሮግራም ተጀምሯል። ቀበሌያችሁ ታቅፎ እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ አሠራር፣ ምግብ የሚያጥረውና ጉልበት ያለው ሰው እርከን፣ መንገድና ኩሬ ሠርቶ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። አቅመ ደካማ ግን ሳይሠራ ይረዳል።

የተመረጡት ሰዎች ስም ለሕዝብ መገለጽ አለበት። ዱሮ ሌላ ሰው ያነብላችሁ ነበር። አሁን ዝርዝሩ ሲለጠፍ ራሳችሁ አንብቡት። እየተገባችሁ ስማችሁ ከሌለ፣ ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ አመልክቱ። ቀኑን ጻፉበት፤ አንድ ግልባጭም ቤት አስቀሩ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ ነው!