ያውቁ ኖሯል? ሪሲቨር ቻናል የሚያገኘው በጥቆማ ነው

እህል በረንዳ ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ የኢትዮሳት ሥርጭት ወደሚመጣበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ቢዞርም፣ ሪሲቨሩ ቻናሎቹን ገና መፈለግ አለበት።

«ብላይንድ ስካን» ከታዘዘ ከ10,700 እስከ 12,750 ሜጋኸርዝ ያለውን ሁሉ አግድምም ቁምም እየዳሰሰ ደቂቃዎች ይፈጃል። ፍሪኩዌንሲው፣ ሲምቦል ሬቱና ፖላራይዜሽኑ ከተነገረው ግን በሰከንዶች ይጨርሳል። ዲሽ ሠሪዎች አዲስ ፍሪኩዌንሲ በስልክ የሚቀባበሉትም ለዚሁ ነው።

ሥርጭቱ ራሱም ይጠቁማል፦ ከምስሉ ጋር የሌሎቹን ፍሪኩዌንሲዎች ዝርዝር የያዘ ሠንጠረዥ አብሮ ሊላክ ይችላል። «ኔትወርክ ሰርች» ሲበራ ሪሲቨሩ ይህንኑ አንብቦ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

በብዙ ሪሲቨሮች ላይ አንድ ጊዜ የተስተካከለ የቻናል ዝርዝር በፍላሽ ተገልብጦ ተመሳሳይ ሞዴል ላለው ጎረቤት ይጫናል፤ ያኔ ፍለጋም አያስፈልግም።