ዓይን ደህና ሆኖ ማየት ሲቸግር

በየቤታችን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ ወይም መርሳት የጀመራቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ቡና ሲቀዱ ከስኒው ውጭ ቢያፈስሱ «እጃቸው ተንቀጥቅጦ ነው» እንላለን። ቁርኣን መቅራት ቢተዉ «ደክሟቸው ነው»፣ ደረጃ ላይ ደርሰው ቢያመነቱ «እግራቸው እምቢ ብሏቸው ነው» እንላለን። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የማየት ችግር ሊኖር እንደሚችል የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

«ዓይናቸውማ ተመርምሮ ደህና ተብሏል» የሚል ይኖራል። ይሁንና ዓይን ብርሃንን ይቀበላል እንጂ ብቻውን አያይም። ይህ በር ነው፣ ይህ ጥላ ነው፣ ይህ ቅርብ ያ ሩቅ ነው ብሎ የሚተረጉመው አንጎል ነው። በመሆኑም የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ በሚሞቱባቸው በሽታዎች እይታም አብሮ ቢጎዳ አያስደንቅም።

ሕመሙና እይታ

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. የጻፈበትን፣ ቦክሰኛው ሙሐመድ ዓሊም በ1984 እንዳለበት የተነገረውን የፓርኪንሰን ሕመም ብዙው ሰው የሚያውቀው በመንቀጥቀጡ ነው። በዚህ ሕመም የሚያንሰው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ግን በአንጎል ብቻ ሳይሆን ሬቲና በሚባለው የዓይን ብርሃን ተቀባይ ክፍልም ይሠራል። እሱ ሲያንስ ተቀራራቢ ቀለሞችን መለየት ያዳግታል። ለንባብ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ወደ ውስጥ መዞር ሲያቅታቸው ደግሞ ፊደሉ ሁለት ይሆናል። ሕመምተኛው ዓይኑን የሚያርገበግበው አልፎ አልፎ ስለሚሆን ዓይኑ ይደርቃል፣ ያቃጥላል።

በአልዛይመር ሕመም ርቀትን መገመት፣ ከብዙ ዕቃ መሐል አንዱን ለይቶ ማግኘት ሊከብድ ይችላል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንክ ቤንሰንና ባልደረቦቹ በ1988 የገለጹት አንድ ዓይነት ሕመም እንዲያውም ከማስታወስ በፊት የሚያጠቃው እይታን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መነጽር ሲቀያይር ሊከርም ይችላል። ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የሚነበቡት ጥቁር ፊደላት በነጭ ላይ ጎልተው ስለሚታዩ፣ እነሱን አንብቦ ማለፍ ይህን ሁሉ ችግር አያሳይም።

ካልተጠየቁ አይናገሩም

ሕመምተኞች ስለ እይታቸው የማይናገሩበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል፤ አንዳንዱ የሚሰማውን በቃል መግለጽ ይቸግረዋል። የነርቭ ሐኪሙ ስለ እጅና እግር፣ የዓይን ሐኪሙ ስለ ዓይን ብቻ ሲጠይቁ ነገሩ በመሐል ይቀራል።

ለዚህም ነው በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 17 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ያዘጋጁት። በ2020 በታተመው ጥናታቸው 848 የፓርኪንሰን ሕመምተኞችና ሕመሙ የሌለባቸው 250 ሰዎች ተጠይቀዋል። ከሕመምተኞቹ ከመቶ 82ቱ ቢያንስ አንድ ከዓይንና ከእይታ ጋር የተያያዘ ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ከሌሎቹ ግን ከመቶ 48ቱ ናቸው። የዕለት ኑሯችንን አውኮብናል ያሉት ሕመምተኞች ከመቶ 68 ነበሩ። በዚያው አገር የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲም ለልዩ ልዩ የነርቭ ሕመምተኞች የሚሆን ተመሳሳይ መጠይቅ አለው።

መጠይቅ በራሱ በሽታን አይለይም። ሥራው የተደበቀውን ማውጣትና ሕመምተኛውን ወደ ትክክለኛው ሐኪም መምራት ነው።

በቤት ልንጠይቅ የምንችለው

ከታች ያሉት የሐኪም መጠይቅን አይተኩም፤ ወሬ መጀመሪያ ግን ይሆናሉ። በእርጋታ፣ አንድ በአንድ እንጠይቃቸው።

1. ሲያነቡ ፊደሉ ይደራረብብዎታል? መስመሩስ ይጠፋብዎታል?
2. አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይዎታል? አንድ ዓይንዎን ሲጨፍኑስ ይተዋል?
3. ለመግሪብ ሲወጡ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል መንገዱ ይጠፋብዎታል?
4. ነጭ ሩዝ በነጭ ሳህን ላይ ለይተው ያዩታል?
5. የደረጃው ጠርዝ ወይም ስኒው ያለበት ርቀት ያሳስትዎታል?
6. ዓይንዎ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል ወይስ ያለቅሳል?
7. ብርሃን ይወጋዎታል?
8. ሌላው የማያየው ሰው ወይም እንስሳ ይታይዎታል?

ስለ ስምንተኛው ጥያቄ

ከሁሉም በላይ የሚደበቀው ይህ ነው። በፓርኪንሰንና ሊዊ ቦዲ በተባለው የመርሳት ሕመም፣ የሌለ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ወይም ልጆች ሲጫወቱ መታየቱ ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት ነገር ነው። በሕመሙ፣ በመድኃኒት፣ በኢንፌክሽን ወይም በዓይን መድከም ሊመጣ ይችላል። ሽማግሌው «አበደ» ወይም «ጂን ለከፈው» እንዳይባሉ ፈርተው ዝም ይላሉ። ቤተሰቡም ሲሰማ እንደ ነውር ይሸሽገዋል።

ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ወደ ሐኪም መሄድን አይከለክሉም። መታከም የታዘዘ መሆኑንም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል። ማሰር፣ መገሰጽ፣ መሳቅ ግን በወላጅ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በሌላ በኩል፣ መድኃኒቱ ነው ተብሎ የፓርኪንሰንን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ለሐኪም መንገር ይቀድማል።

ምን ይጠቅማል?

ሕመሙን ማጥፋት ባይቻልም የእይታውን ችግር ማቃለል ብዙ ጊዜ ይቻላል። የዓይን ሞራ ካለ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለደረቀ ዓይን የሚደረግ ጠብታ አለ። ለሚደራረብ ፊደል ልዩ መነጽር ይታዘዛል። አርቴንን የመሰሉ አንዳንድ መድኃኒቶች እይታን ያደበዝዛሉና የሚወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።

በቤት ደግሞ የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም መቀባት፣ ወደ መጸዳጃ የሚወስደውን መንገድ ሌሊት ማብራት ይጠቅማል። አበባ በበዛበት ምንጣፍ ላይ አበባ የበዛበት መስገጃ ከማንጠፍ፣ አንድ ቀለም ያለው ጎልቶ የሚታይ መስገጃ ይሻላል። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና በ2004 የታተመ አነስተኛ ጥናት፣ አልዛይመር የጠናባቸው 9 ወንዶች ነጩ የመመገቢያ ዕቃ በደማቅ ቀይ ሲተካላቸው የሚበሉት በ25 ከመቶ፣ የሚጠጡት በ84 ከመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ጥቁር ቡና በነጭ ስኒ ጎልቶ ይታያል፤ ወተት ግን በነጭ ኩባያ ይጠፋል።

እይታ በድንገት ቢጠፋ ወይም በድንገት ሁለት መሆን ቢጀምር ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መሮጥ ግድ ነው።

ውድ ወጣቶች፤ ከወላጆቻችሁ ጎን ተቀምጣችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይፈጅባችሁም። መልሳቸውን በወረቀት ጽፋችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ስጡ። «ሰነፉ፣ ተሰላቹ» ስንላቸው የቆዩ አባት መቅራት የተዉት ፊደሉ ስለተደራረበባቸው ሊሆን ይችላልና።