በሁለት ዶላር የተሸጠው ጣቢያ

የጣቢያው ስም ሲጠራ «ቼክ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሰምቶ የባንክ ቼክ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። የሚያስቀው ግን ይህ የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2009 (ዓመቱም ወሩም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተሸጠው በ2 የካናዳ ዶላር መሆኑ ነው። በዚያ ገንዘብ ካናዳ ውስጥ ደህና ማኪያቶ እንኳ አይገኝም። ገዢዎቹ ደግሞ እዚያው ቤት ደመወዝ ሲበሉ የኖሩት ሠራተኞች ነበሩ።

ጣቢያው የሚገኘው የካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በቪክቶሪያ ነው። ከተማዋ ራሷ 90 ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት፤ ዙሪያዋ ሲጨመር ወደ 400 ሺህ ይጠጋል። ያለችው ቫንኩቨር ደሴት በሚባለው ትልቅ ደሴት ጫፍ ላይ ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ትልቁ የቫንኩቨር ከተማ ያለው ደሴቱ ላይ ሳይሆን ከባሕሩ ማዶ ነው። የማዶውን ዜና የሚያይ የደሴት ሰው ስለ ራሱ መንገድና ስለ ራሱ ማዘጋጃ ቤት የሚሰማው ጥቂት ነው።

ካናዳ ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1952፣ በሞንትሪያልና በቶሮንቶ፣ በመንግሥታዊው ሲቢሲ ነው። ሲቢሲ ያን ሰፊ አገር ብቻውን ማዳረስ ስላልቻለ ትናንሾቹ ከተሞች ለግል ባለሀብቶች ተተዉ። ለአንድ ከተማ የሚፈቀደው አንድ ጣቢያ ነበር፤ እሱም የሲቢሲን ዝግጅት ማስተላለፍ ነበረበት።

በዚህ መንገድ ከተነሡት ሁሉ ደስ የሚለው የዊንገም ነው። ዊንገም ነዋሪዋ 3 ሺህ የማይሞላ የኦንታሪዮ የገበሬ ከተማ ናት፤ የኖቤል ተሸላሚዋ ደራሲ አሊስ መንሮም የተወለደችው እዚያ ነው። «ዶክ» ክሩክሻንክ የተባለ ሰው በ1926 ከመጽሔት ባገኘው መመሪያ የሬዲዮ ማሰራጫ በእጁ ሠራ፤ በ1955 ያው ጥረቱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወለደ። በዚያው ዓመት በማኒቶባ ክፍለ ሀገር የብራንደን ጣቢያ ተከፈተ። የቪክቶሪያው ቼክ ታኅሣሥ 1 ቀን 1956 ሲጀምር በክፍለ ሀገሩ የመጀመሪያው የግል ቴሌቪዥን ሆነ፤ ያቋቋመው የሬዲዮ ባለቤቱ ዴቪድ አርምስትሮንግ ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትናንሾቹን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ጠቀለሉ። ቼክም በመጨረሻ ካንዌስት በሚባል፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዕዳ በተሸከመ ኩባንያ እጅ ወደቀ። በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ማስታወቂያ ደረቀ። የኬብል ኩባንያዎች እነዚህን ጣቢያዎች ለደንበኞቻቸው ሲያሳዩ ምንም አይከፍሉም ነበር፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ሲጠፋ ሌላ መተንፈሻ አልነበረም።

ሲቲቪ የተባለው ሌላው ትልቅ ኩባንያ የብራንደንንና የዊንገምን ጨምሮ ሦስት ጣቢያዎቹን እያንዳንዳቸውን በ1 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ሾው የተባለው የኬብል ኩባንያ እገዛለሁ ብሎ ቆየና ሐሳቡን ቀየረ። ለብራንደን ሌላ ገዢ ብቅ ብሎ ነበር፤ ጣቢያውን በሳተላይት የሚያሰራጭለት ስላላገኘ እሱም ተወው። ብራንደን ከ54 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2009 ስክሪኑ ጠፋ።

ቪክቶሪያ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ካንዌስት ቼክን በነሐሴ መጨረሻ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ሠራተኞቹ ከኪሳቸው አዋጡ፤ የከተማዋን ባለ ገንዘቦችም አስተባብረው 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። ካንዌስት መጀመሪያ እምቢ አለ። ድርድሩ ግን አልተቋረጠም፤ መስከረም 4 ቀን ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሁለት ዶላሩ ለውሉ ሲባል ብቻ የተጻፈ ዋጋ ነው። እውነተኛው ዋጋ አብሮ የተረከቡት ኪሳራ ነበር፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ጣቢያውን ለማንቀሳቀስ ነው የተፈለገው። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሽያጩን በኅዳር አጸደቀ። ያኔ ደፍሮ «ይህ ጣቢያ ይከርማል» የሚል ብዙ አልነበረም። ቼክ ግን ዛሬም የደሴቱን ዜና ያቀርባል።

ካንዌስት ራሱ ሽያጩ በተፈረመ በአንድ ወሩ ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል ፍርድ ቤት ሄደ። በ2010 የቀሩትን የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ዋጋ የገዛው፣ የብራንደንን ጣቢያ በ1 ዶላር አልፈልግም ያለው ሾው ነበር።