ከሄልሜቱ ጀርባ ያለው ሙያ

ልጃችሁ በኬሚስትሪ፣ በምህንድስና ወይም በጤና ተመርቆ «ማስተርሴን በምን ልማር?» ሲላችሁ ቀድሞ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው? በብዙ ቤት መልሱ ኤምቢኤ ነው። እኔም ቢዝነስ ተምሬ ማርኬቲንግ ላይ የምሠራ ሰው ነኝና ኤምቢኤን ላጣጥል አልችልም። ግን በቤተሰብ ጨዋታ መሃል ስሙ እምብዛም የማይነሳ አንድ ዘርፍ አለ፤ የሙያ ደህንነትና ጤንነት። በሥራ ቦታ ሰው በአጭሩ «ሴፍቲ» ይለዋል።

ሴፍቲ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቢጫ ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ነው። ሙያውን የተማሩት ግን ሄልሜትን የሚያስቡት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቁት አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ነው። ካልተቻለ አደገኛውን ነገር በተሻለ ይተካሉ። ያም ካልሆነ በመሣሪያ ይከልሉታል። ከዚያ የአሠራር ደንብና ሥልጠና ይመጣል። ጓንትና ማስክ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሠርቶ ለተረፈው አደጋ ነው።

አንድ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካ እንውሰድ። ጀንፈሉ ሲፈለፈል፣ ሲበጠርና ከጆንያ ወደ ማሽን ሲገለበጥ አቧራው ክፍሉን ይሞላዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአገራችን የቡና ፋብሪካዎች ውስጥ የማሽን ክፍል ሠራተኞችና ለቃሚዎች የሚተነፍሱትን አቧራ በመሣሪያ ለክተዋል። ለአንድ ሥራ አስኪያጅ ቀላሉ መፍትሔ ማስክ ማደል ነው። ማስኩ ግን ይሞቃል፣ ወሬ ያስቸግራል፣ እኩለ ቀን ላይ አገጭ ሥር ይወርዳል። የሴፍቲ ባለሙያው አቧራው ከየት እንደሚነሳ ያያል፤ ጆንያው የሚገለበጥበት ቦታ ይከደን ይላል፤ አቧራውን እዚያው የሚስብ ማስወጫ ያስገጥማል፤ ደረቅ መጥረጊያን ያስቀራል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና የለቀመች እናት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል ወይስ አያጥራትም የሚለው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ሲያሳትም ሐኪሞች በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መክሯል። (እናንተን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ይህን የጠየቃችሁ መቼ ነው?)

ለምን አሁን? አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሙያ ደህንነት ተቆጣጣሪ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ሌላው፣ ለእኔ ሙያ የሚቀርበው፣ ገዢው ነው። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ታላላቅ የልብስ ብራንዶች ዋጋና ጥራት ብቻ ሳይሆን የእሳት መውጫ በርም ይጠይቃሉ። በዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሠሩ የግንባታ ጨረታዎችም የደህንነት ዕቅድ ከሰነዱ ጋር ይጠየቃል። ዕቅዱን የሚጽፈው፣ ጽፎም ሳይት ላይ የሚያስፈጽመው ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሙያ ጤንነትና ደህንነት ትምህርት ክፍል አለው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቱ በኩል በዘርፉ ሰዎች አሠልጥኗል። የመጀመሪያ ዲግሪና የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያስፈልጋል። በዘርፉ ማስተርስ የሚማር ሰው ከስታቲስቲክስ፣ ከኬሚካል መርዛማነት፣ ከአደጋ ግምገማና ከሕግ ጋር ይተዋወቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፍም አለ። ቁጥር የሚፈራ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ከዲግሪ ውጭ ደግሞ ሰርተፍኬት አለ። የእንግሊዙ ኔቦሽ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግንባታና ነዳጅ ዘርፍ በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ በብዛት ይጠየቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን አይኤስኦ 45001 መስፈርት ማወቅም ይረዳል። እኔን ብትጠይቁኝ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሳይት ላይ ሠርቶ ወደ ማስተርስ መግባት ይሻላል እላለሁ። በአጠና መወጣጫ ላይ ያለ ቀበቶ የቆመ የቀን ሠራተኛን «ና ውረድ» ብሎ የሚያውቅ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚያነሳው ጥያቄ ይለያል።

ሴቶች ልጆቻችሁንም አትርሱ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ነፍሰ ጡር ሆና ቀኑን ሙሉ መቆም የከበዳት ሠራተኛ ጉዳይዋን ለወንድ ፎርማን ከምትናገር ለሴት ባለሙያ ብትነግር ይቀላታል።

ሥራው የራሱ ጣጣ አለው። የመንገድና የግድብ ፕሮጀክት ከቤት ያርቃል። ከዚያ የሚከፋው ግን ስም ብቻ ይዞ መቀመጥ ነው፤ ኮንክሪት ሙሌቱ ለነገ ተቆርጦ «ቶሎ ቶሎ» በሚባልበት ሰዓት የሴፍቲው ቃል ከፎርማኑ ቃል በታች ከሆነ ዲግሪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ለቃለ መጠይቅ ሲሄድ ከደመወዙ ጋር ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሪፖርት የማደርገው ለማን ነው? አደገኛ ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለኝ? ያለፈውን ዓመት የአደጋ መዝገብ ማየት እችላለሁ? «እኛ ጋ አደጋ ደርሶ አያውቅም» ካሉትም መዝገቡን ይጠይቅ፤ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅ በሕጉ የአሠሪው ግዴታ ነው።