ምዕራፍ 7፦ ናርዶስ አበባ አይደለም

ማርያም የጌታን እግር የቀባችበት፣ ይሁዳም «300 ዲናር ያወጣ ነበር» ብሎ የተቆጨበት ሽቱ ከምን እንደሚሠራ ሰው ስጠይቅ፣ አሥር ጊዜ ብጠይቅ ዘጠኙ መልስ «ከአበባ» ነው። በልጅነቴ የሰማሁት ስብከት እንደዚያ ይል ነበር፤ በኋላ ያነበብኳቸው ስለ መዓዛ የተጻፉ መጻሕፍትም እንደዚያው። ይህ ስሕተት እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም እውነቱ ከአበባው ወሬ እጅግ ያምራል።

ናርዶስ ሥር ነው። የዕፀዋት ባለሙያ ካረመን ደግሞ፣ ከነሥሩ ከምድር በታች የሚተኛ ግንድ ነው። በሒማልያ ተራሮች ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በኔፓል፣ በቡታን፣ በሰሜን ሕንድና በደቡብ ምዕራብ ቻይና ይበቅላል። በሳንስክሪት ጃታማንሲ ይሉታል፤ «ጃታ» ማለት እንደ ባሕታዊ ራስ የተቆላለፈ ጸጉር ነው። ይህን ስጽፍ አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጣት ያህላል፤ ዙሪያውን ቡናማ ጭረት ሸፍኖት ጸጉራም ጅራት ይመስላል። ስሰብረው መጀመሪያ የሚሸተኝ ዝናብ የነካው አፈር ነው፤ ቀጥሎ የቆየ አይብ፤ ከዚያ ዘግይቶ አንድ ከባድ ጣፋጭ ሽታ ይመጣና እጅ ላይ ይቀራል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን መልሰው ያሸቱታል።

ናርዶስ አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና መድኃኒትም ነው፤ ወደዚያ እንምጣ። አዩርቬዳ ሰውነትን ሦስት ኃይሎች ይገዙታል ይላል፦ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። ቫታን፣ ፒታንና ካፋን «ንፋስ፣ ሐሞት፣ አክታ» ብሎ ተርጉሞ የሚያልፍ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ዝጉት። ሦስት ጉልቻ አስቡ። ድስቱ ሰውነት ነው። ቫታ የሚነቃነቀው ጉልቻ ነው፤ እሱ ሲነቃነቅ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ልብ ይመታል፣ ሐሳብ ይበተናል። ፒታ እሳት የሚልሰው ጉልቻ ነው። ካፋ ከድስቱ የገነፈለው የሚያርሰው፣ ከባዱና ቀዝቃዛው ነው። አብዛኛው መድኃኒት አንዱን ጉልቻ ዝቅ ሲያደርግ ሌላውን ከፍ ያደርጋል። ጃታማንሲ ግን፣ በአዩርቬዳ ሐኪሞች ዘንድ፣ ሦስቱንም ያረግባል፤ ማለትም ድንጋዮቹን ትቶ መሬቱን ይደለድላል።  መሬቱ ሲደለደል ድስቱ ይረጋል፤ ራስም ሲረጋ እንቅልፍ ይመጣል። 

ለዚህም ነው ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ይህን ተክል ጃቲላ በሚለው ስሙ፣ የጠፋ ልቦናን ከሚመልሱ አሥር መድኃኒቶች ተራ ያስገባው። በአዩርቬዳ በዋናነት የሚታዘዘው ለሚጥል በሽታ፣ ራስን ለመሳት፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ነው። ዱቄቱ ይዋጣል፤ ዘይቱ ጸጉር ይቀባበታል።

አሁን ወደምወደው ክርክር ልግባ። በ1790 እ.ኤ.አ. ጊልበርት ብሌን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም የጥንቱ ናርዶስ ሣር ነው ብሎ ጻፈ። የዕፀዋት ተመራማሪው ሊኔየስም ቀደም ብሎ ለአንድ መዓዛማ ሣር ናርዶስ የሚል ስም ሰጥቶ ነበር፤ ያ ሣር የእኛ ጠጅ ሣር የቅርብ ዘመድ ነው። በዚያው ዘመን የካልካታው ዳኛ ዊልያም ጆንስ «የለም፣ ጃታማንሲ ነው» አለ። ስሙን አልሳተም። ነገር ግን ከቡታን ያመጡለት ተክል ሌላ ሆነ! ያ ተክል የሕንድ ቫሌሪያን ነበር፤ እስከ ዛሬ በሳይንስ ቫሌሪያና ጃታማንሲ የሚባለው እሱ ነው። እውነተኛው ጃታማንሲ ናርዶስታኪስ ይባላል። አንድ የስም ስሕተት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲኖር አስቡት። እኔም ዋጋውን ከፍያለሁ፦ ለማስተማሪያ ብዬ ከአንድ ነጋዴ ያስመጣሁትን ከረጢት ስፈታ ጸጉር የሚባል የለውም፤ ወፍራም፣ ቋጠሮ የበዛበት የቫሌሪያን ሥር ነበር። ደረሰኙ ላይ ግን ጃታማንሲ ተብሎ ተጽፏል።

ናርዶስ ለጥንቱ የቀይ ባሕር ንግድ እንግዳ አልነበረም። በአንደኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ አዱሊስንና አክሱምን ይገልጻል፤ ያው መጽሐፍ ከጋንጅስ የሚወጣውን ናርዶስም ይዘረዝራል።

ስለ ፈውሱ ዛሬ ምን ይታወቃል? አብዛኛው ጥናት በአይጥ ላይ የተሠራ ነው፤ በሰው ላይ የሚያደርገው ገና በደንብ አልታወቀም። ስለዚህ የእንቅልፍ ክኒን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጨምርበት፤ ነፍሰ ጡርም አትውሰደው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ተክሉ ራሱ ነው። በምዕራብ ኔፓል በጁምላና በሁምላ ወረዳዎች መንደርተኛው በመኸር ወጥቶ ይቆፍረዋል። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ፣ የተቆፈረ ተክል የሞተ ተክል ነው፤ እንደገና ለመብቀልም በዚያ ብርድ ዓመታት ይፈልጋል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ተክሉም ዛሬ ፈጽሞ ለመጥፋት ከተቃረቡ ተክሎች ተርታ ተመድቧል። «ናርዶስ» የተባለ ብልቃጥ ልትገዙ ስትሉ የሳይንስ ስሙን አንብቡ፣ የሳይተስ ፈቃዱን ጠይቁ። ሻጩ ማሳየት ካልቻለ አትግዙ።