በአሥር መቍጠር ብቸኛው መንገድ አይደለም

ሰው በአሥር የሚቈጥረው አሥር ጣት ስላለው ነው ይባላል። ልማዱ ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብሮን ስለ አደገም ቍጥር ሁሉ አሥር በአሥር ካልተደራጀ በቀር የሚቆም አይመስለንም። ተማሪው «በሁለት መሠረት አስላ» ተብሎ በታዘዘ ጊዜ እንግዳ ነገር የደረሰበት ይመስለውና ደንቡን ሳይመረምር ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሳዋል። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመለከተው ከአሥር ውጭ ማስላት ለገበያችንም ሆነ ለቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ወደ ጣና ዳር እንሂድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከመደረሱ በፊት ይፋግ ትገኛለች። ይህች ከተማ በ19ኛው ምእተ ዓመት የውጭ አገር መንገደኞች ሳይቀሩ የጻፉላት የታወቀች ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን ነጋዴው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይዞ ይገበያይ ነበር፤ አንደኛው 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፥ ሁለተኛው ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይወደድ ስለ ነበር ምንዛሪው በየገበያው ይለያያል። ስለዚህ ነጋዴ የሆነ ሰው በየደረሰበት ማባዛት ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ አንድ ብር በ24 አሞሌ ይመነዘራል እንበል። 13 ብር ስንት አሞሌ ያወጣል? በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ። ይህ ዘዴ የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ማጥናትን አይጠይቅም፤ እጥፍ ማድረግና መክፈል የሚችል ሰው በጠጠር ይሠራዋል። በግራ በኩል 13ን እየከፈልን፥ ትርፉንም እየጣልን እንወርዳለን፤ 13፥ 6፥ 3፥ 1። በቀኝ በኩል ደግሞ 24ን እጥፍ እያደረግን በአንጻሩ እናስቀምጣለን፤ 24፥ 48፥ 96፥ 192። ከዚያም በግራ በኩል ተጋማሽ ቍጥር ያለበትን ተራ እንሰርዛለን። እዚህ ላይ ተጋማሹ 6 ብቻ ስለ ሆነ በአንጻሩ ያለው 48 ይቀራል። የተረፉት 24፥ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ፤ 13 ጊዜ 24ም ይኸው ነው።

ምስጢሩ ምንድን ነው? 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ማለት ነው። 48ን የሰረዝነው በ13 ውስጥ 2 ብቻውን ስለማይገኝ ነው። የግራውን ተራ ከታች ወደ ላይ እያነበብን ለጎዶሎው 1፥ ለተጋማሹ 0 ብንጽፍ 1101 እናገኛለን፤ ይህም 13 በሁለት መሠረት ሲጻፍ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1703 ስለ ሁለት መሠረት ያሳተመው ጽሑፍም፥ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር የሚሠራበት ሕግም በዚሁ በ0 እና በ1 የሚቆም ነው።

ይህን ስንል «ኮምፒዩተርን እኛ ፈጠርነው» እያሉ ከሚፎክሩት ጋራ ለመደመር አይደለም። እጥፍ እያደረጉ ማባዛትን የጥንት ግብጻውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በፓፒረስ ጽፈውት እናገኛለን፤ ሌሎች ደግሞ «የሩስያ ገበሬዎች ማባዛት» ይሉታል። ፉከራ ዕውቀት አይሆንም። ጠቃሚው ነገር ዘዴው ስለ ምን ልክ እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

ወደ ባሕረ ሐሳብ ብንመለስ ደግሞ ስድሳን መሠረት ያደረገ ሒሳብ እናገኛለን። ሊቃውንቱ አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ፥ አንዱን ኬክሮስ በ60 ካልዒት፥ አንዱን ካልዒት በ60 ሣልሲት ይከፍላሉ። በእኛ ሰዓት አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው ሲባል 15ቱ ኬክሮስ በአራት ዓመት 60 ይሞላና አንድ ዕለት ይወጣዋል፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ስለዚህ ነው።

መቀነሱንም እንመልከት። የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ከጥቂት ትርፍ ነው። ከ15 ኬክሮስ 22 ስለማይቀነስ ከዕለቱ አንድ እንበደራለን። የተበደርነው ግን 10 ሳይሆን 60 ነው፤ 60 እና 15 ተደምሮ 75፥ ከእርሱም 22 ሲነሣ 53 ይቀራል። ዕለቱም 364 ሲቀነስ 354፥ 10 ይሆናል። እንግዲህ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጠው በ10 ዕለት ከ53 ኬክሮስ ገደማ፥ ማለት 11 ዕለት ሊሞላ ጥቂት በጎደለው ነው። በየዓመቱ በአበቅቴ ላይ የሚጨመረው 11 ከዚህ ልዩነት ጋራ ይስማማል።

ይህ ሁሉ ለሊቅና ለተማሪ ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ቢኖር የትርፍ ሰዓት መዝገብ የሚይዘውን ወጣት ሠራተኛ ያስብ። አንድ ዘበኛ በአንድ ቀን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፥ በማግሥቱ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ትርፍ ቢሠራ ድምሩ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። መዝጋቢው ግን 2.45 እና 1.35 ብሎ በማስሊያ መኪና ቢደምር 3.80 ያገኛል። ይህም 3 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ስለ ሆነ ዘበኛው የ32 ደቂቃ ድካሙን ያጣል ማለት ነው። መኪናው አልተሳሳተም፤ በአሥር ደምር ተብሎ በአሥር ደመረ። በስድሳ መያዝ የሚገባውን በአሥር ያስያዘው መዝጋቢው ነው።

ስለዚህ ተማሪው ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት «ስንት ሲሞላ ነው አንድ በእጅ የሚያዘው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ በጠጠሩ ማባዛት 2፥ በኬክሮስና በደቂቃ 60፥ በደርዘን ዕቃ 12 ይሆናል። ይህን የለየ ሰው ለየመሠረቱ ሌላ ደንብ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ የመደመርና የመቀነስ ሕጉ በሁሉም ዘንድ አንድ ነውና።